ልብና እጅ በአንድ ሥራ ላይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው ሀብት ሁሉ ለሁሉም በእኩልነት የታደለው ጊዜ ነው። ወርቅና ብር፣ መሬትና ከብት፣ ሥልጣንና ዕውቀት ለአንዱ ሲበዛ ለሌላው ያንሳል፤ ቀኑ ግን ለባለጸጋውም ለድኻውም፣ ለሊቁም ለደቀ መዝሙሩም 24 ሰዓት ሆኖ ይሰጣል። የትናንቱን ቀን መልሶ ሊያርሰው የሚችል ገበሬ የለም፤ የነገውንም ቀን አስቀድሞ ተቀብሎ በጎተራው የሚያኖር ባለጸጋ የለም። ትናንት በእግዚአብሔር መዝገብ ገብቷል፤ ነገ ገና በእግዚአብሔር እጅ አለ፤ ለሰው የተሰጠው ዛሬ ነው፤ ከዛሬም ውስጥ በእውነት የእርሱ ሊባል የሚገባው አሁን ያለበት ሰዓት ብቻ ነው።

ይህም ሆኖ በዘመናችን ብዙ ሰው ጊዜ አጣሁ እያለ ሲያማርር ይሰማል። በቢሮ ያለው ጸሐፊ፣ በሱቅ ያለው ነጋዴ፣ በትምህርት ቤት ያለው ተማሪ፣ በቤቷ የምትደክመው እናት፣ ከአገሩም ርቆ በባዕድ ምድር ሁለት ሥራ ይዞ የሚለፋው ወገናችን፣ ሁሉም ቀኑ እንዳጠረበት ይናገራል። በእርግጥም ከዐቅም በላይ የሆነ ሸክም ያለበት ሰው አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሊያግዙት እንጂ ሊገሥጹት አይገባም። ነገር ግን ነገሩን መርምሮ ለተመለከተ ሰው ብዙ ጊዜ ያጠረው ቀኑ አይደለም፤ የተበተነው ልብ ነው። እጅ አንዱን ሥራ ይዞ ልብ ሌላውን ይዞራል፤ ዐይን በመጽሐፉ ላይ ተተክሎ ኅሊና በገበያ ይመላለሳል፤ እግር በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ዐሳብ በሙግት ቤት ይከራከራል። አባቶቻችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ሲሉ የተረቱት በከንቱ አይደለም፤ ለሁለት የተከፈለ ልብ ከሁለቱም ዛፍ ፍሬ ሳይለቅም ይወድቃልና።

እንግዲህ ልብን ከሥራው ላይ የሚሰርቁት ምን ምን እንደ ሆኑ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትና አባቶቻችን ስለዚህ ነገር ምን እንዳስተማሩን፣ እኛስ ምን ማድረግ እንደሚገባን በጥቂቱ እንመልከት።

ልብን የሚሰርቁ ሌቦች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሌባ ያለፈው ነገር ነው። ሰው ትናንት የተናገረውን ክፉ ቃል፣ ያመለጠውን ጥቅም፣ የደረሰበትን በደል እያሰበ የዛሬውን ሰዓት ያቃጥላል። እዚህ ላይ ንስሓንና ከንቱ ጸጸትን መለየት ያስፈልጋል። ንስሓ ያለፈውን ኃጢአት ወደ ካህን አቅርቦ ይናገራል፤ ቀኖናውን ይቀበላል፤ የበደለውን ይክሳል፤ ከዚያም በኋላ ፊቱን ወደ ፊት አቅንቶ ይሄዳል። ከንቱ ጸጸት ግን ያንኑ ነገር ያለ ዕረፍት ያላምጣል እንጂ የሚክሰውም የሚያቀናውም ነገር የለም። የሎጥ ሚስት ከሚነደው ከተማ እግሯ ወጥቶ ሳለ ፊቷን ወደ ኋላ ብትመልስ የጨው ሐውልት ሆና ቀርታለች፤ ያለፈውን ብቻ የሚመለከት ሰውም እንደዚሁ በመንገዱ መካከል ደርቆ ይቀራል።

ሁለተኛው ሌባ ገና ያልመጣው ነገር ነው። ይህም በሁለት መልክ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ እንደ ፍርሀት ሆኖ ሰውን ያስጨንቃል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ምኞት ሆኖ ያስጎመጃል። የሚፈራው ሰው ያልመጣውን ረኀብ ዛሬ ይራባል፤ የሚመኘው ሰው ያልሠራውን ቤት ዛሬ ይኖርበታል። ሁለቱም በእጃቸው ያለውን ሥራ አይሠሩም። በወንጌል የተነገረለት ባለጸጋ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ጎተራ ሊሠራ፣ ለብዙ ዘመንም ሊበላና ሊጠጣ ባሰበባት በዚያች ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች፤ ብዙ ዓመት ቆጥሮ ሳለ አንዲት ሌሊት አልነበረችውም።

ሦስተኛው ሌባ በሌላ ስፍራ የሚሆነው ነገር ነው። ይህ ሌባ በቀድሞ ዘመን በአደባባይና በገበያ፣ በቡና ላይ ጨዋታና በሐሜት ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ይኖራል። የእጅ ስልክ ለመልካም ሲውል የራቀውን የሚያቀርብ፣ የታመመውን የሚያስጠይቅ፣ ትምህርትን የሚያሰፋ መልካም መሣሪያ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ጌታ መሆኑ ቀርቶ አገልጋይ በሆነበት ጊዜ፣ በየጥቂት ደቂቃው ልቡን ከሥራው፣ ከጸሎቱ፣ ከልጆቹም ፊት እየጠራ ይወስደዋል። የማያውቀው ሰው በማያውቀው አገር የተጣላውን ጥል እየተከታተለ ውሎ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው እናቱ ስትናገር አይሰማም።

ይህ ነገር የመንፈሳዊ አባቶች ምክር ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ የሥጋዊው ጥበብ መርማሪዎችም በዘመናችን ያገኙትን ማስታወስ ይገባል። ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 2,250 የሚያህሉ ሰዎችን በየቀኑ በተለያየ ሰዓት በእጅ ስልካቸው እየጠየቁ፣ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚሠሩና ምን እንደሚያስቡ መረመሩ። መልሱ ሲሰበሰብ ከመቶ 46.9 በሚሆነው ጊዜ የሰዎቹ ዐሳብ ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ይዞር እንደ ነበረ ተገኘ። ዐሳባቸው በሚዞርበትም ጊዜ ደስታቸው ያነሰ ነበረ፤ ወደ መልካም ነገር እንኳ ቢዞር በሥራቸው ላይ ካለው ጊዜ የበለጠ ደስታ አላገኙበትም። ሶፊ ለርዋ የተባለችም ተመራማሪ በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይፈጽም ትቶ ወደ ሌላው በሄደ ጊዜ ከልቡ ከፊሉ በቀድሞው ሥራ ላይ እንደሚቀርና ሁለተኛውን ሥራ በጎደለ ልብ እንደሚሠራው ገልጣለች። እንግዲህ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ እሠራለሁ የሚል ሰው እውነቱን ለመናገር ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይጀምራል እንጂ አይሠራም።

አሁን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንመለስ። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ በተጓዙ ጊዜ እግዚአብሔር መና ከሰማይ አወረደላቸው። ሥርዐቱም እንዲህ ነበረ፤ እያንዳንዱ ሰው ለአንድ ራስ አንድ ጎሞር እየሰፈረ የዕለቱን ብቻ ይሰብስብ፤ ከእርሱም ለነገ አያሳድር። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ትእዛዙን ትተው ቢያሳድሩት ተልቶ ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ግን ለሰንበት ዕረፍት ዕጥፉን ሰበሰቡ፤ ያም ሳይሸት አደረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። የመጀመሪያው፣ እግዚአብሔር ለአንድ ቀን የሚሰጠው ጸጋና ኀይል ለዚያ ቀን የተመጠነ ነው፤ የነገውን ጭንቀት በዛሬው ኀይል ሊሸከም የሚሞክር ሰው ኀይሉ በእጁ ይሻግትበታል። ሁለተኛው፣ ለነገ ማዘጋጀት የታዘዘበት ቀን አለ፤ በታዘዘበት ቀን የተዘጋጀው ስንቅ አይተላም። ጌታችንም ጸሎትን ባስተማረን ጊዜ የዕለት እንጀራችንን እንድንለምን አዘዘን እንጂ የዓመት ቀለብ እንድንለምን አላዘዘንም። ይህም ሰው በየማለዳው ወደ አባቱ ፊት እንዲመለስ ነው።

የማርታና የማርያምም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ብዙ ሰዎች ጌታችን ማርታን ስለ ሥራዋ የነቀፋት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ወንጌሉን አስተውሎ ላነበበ ሰው የተነቀፈው ማገልገሏ አይደለም፤ በብዙ ነገር መታወኳና መጨነቋ ነው። እጇ ከድስቱ ላይ ሳለ ልቧ በእኅቷ ላይ ነበረ፤ ስለዚህም አገልግሎቷ ወደ ክስ ተለወጠ። ማርያም ግን በዚያች ሰዓት በፊቷ የነበረውን አንዱን የሚያስፈልገውን መረጠች። ሥራ የበዛበት ሰው ሁሉ ማርታን አይመስልም፤ ማርታን የሚመስለው በሥራው መካከል ሌላውን እየቈጠረ የሚያጕረመርም ሰው ነው።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፣ የዛሬን ብቻ መመልከት ስንፍና አይሆንምን? ዕቅድ የሌለው ሰው፣ ለልጆቹ የማያስብ አባት፣ ለክረምት የማያከማች ገበሬ ሊመሰገን ነውን? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት የጥጋብ ዓመታት እህል አምስተኛውን እጅ እየሰበሰበ ሰባት የረኀብ ዓመታትን አሳልፏል፤ ይህንም ያደረገው በእግዚአብሔር ጥበብ ነው። ስለዚህ ማሰብና መጨነቅ አንድ አይደሉም። ማሰብ ራሱ ሥራ ነው፤ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ተመክሮበት፣ ተወስኖ ያልቃል። ጭንቀት ግን ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሳይወስን ይኖራል፤ ቢሰጡት አይጠግብም። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ስለ ረኀቡ አላለቀሰም፤ የዚያን ዓመት እህል በዚያ ዓመት ሰበሰበ።

ይህን ነገር ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየን ነህምያ ነው። ነህምያ በፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ዘመን፣ ከጌታችን ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ፣ በሱሳ ግንብ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ በሰማ ጊዜ ወዲያው አልሮጠም፤ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር ድረስ በጾምና በጸሎት ቈየ። ንጉሡ በጠየቀው ጊዜ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቦበት ነበርና ለአገረ ገዥዎች የሚሆን ደብዳቤ፣ ለበሮቹም እንጨት እንዲሰጠው የንጉሡን ዱር ለሚጠብቀው ለአሳፍ የሚሆን ደብዳቤ ለመነ። ኢየሩሳሌም ከደረሰም በኋላ ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋራ ወጥቶ ቅጥሩን በዐይኑ መረመረ። ይህ ሁሉ የዐሳብ ጊዜ ነበረ። ሥራው በተጀመረ ጊዜ ግን የዐሳቡ ጊዜ አበቃ። ቅጥሩም ተከፋፍሎ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው በገዛ ቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ሠሩ። ልብ አድርጉ፤ የከተማው ቅጥር ሲታይ የሚያስፈራ ነበረ፤ በቤት ፊት ያለው ክፍል ግን አንድ ቤተ ሰብ የሚሠራው ነበረ።

ሥራው ወደ ፍጻሜ በቀረበ ጊዜ ሰንባላጥና ጌሳም ኦኖ በሚባለው ሜዳ እንገናኝ ብለው ወደ ነህምያ መልእክተኛ ላኩ። እርሱም ትልቅ ሥራ እየሠራ መሆኑንና ሥራውን ትቶ ሊወርድ እንደማይችል መለሰላቸው። አራት ጊዜ ላኩበት፤ አራት ጊዜ ያንኑ መለሰ። በአምስተኛው ጊዜ የሐሰት ወሬ የተጻፈበት የተከፈተ ደብዳቤ ላኩ፤ ነህምያ ግን ውሸት መሆኑን በአጭር ቃል ነግሮ፣ እጁን እንዲያጸናለት ወደ አምላኩ ጸልዮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። አንባቢ ሆይ፤ በነህምያ ዘመን መልእክት በእግረኛ ይመጣ ነበርና አምስት ጊዜ ብቻ ተጠራ፤ እኛ በአንድ ቀን ከዚህ ይልቅ ስንት ጊዜ ከቅጥራችን ላይ እንድንወርድ እንጠራለን! ስንት ጊዜስ እንወርዳለን!

ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥራዬን አልለቅም የሚል ሰው ልቡ ደንድኖ የወንድሙን ጩኸት እንዳይሰማ ያስፈራል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው አንድ ካህንና አንድ ሌዋዊ አይተውት አለፉ፤ መንገደኛው ሳምራዊ ግን ጕዞውን አቁሞ ቍስሉን አጠበለት። ነህምያ በተጠራ ጊዜ ባለመውረዱ ተመሰገነ፤ ሳምራዊው ከአህያው በመውረዱ ተመሰገነ። ይህ እንዴት ነው? የሁለቱ ጥሪ ልዩ ስለ ሆነ ነው። የሰንባላጥ ጥሪ ሥራውን ለማስተው የተላከ ነበረ፤ ቢቀርም የሚጐዳ ሰው አልነበረም። የቍስለኛው ጩኸት ግን እስከ ማታ ሊቈይ የማይችል ነበረ፤ በዚያች ሰዓት እግዚአብሔር በሳምራዊው ፊት ያኖረው ሥራ ራሱ ቍስለኛው ነበረ። ደግሞም ሳምራዊው ሲያስታምመው አድሮ በማግሥቱ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ የሚተርፈውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ተናግሮ መንገዱን ሄደ እንጂ ጕዞውን ፈጽሞ አልተወም። ስለዚህ ጥሪ በመጣ ጊዜ ይህ ጥሪ የሚያስፈልግ ሰው ጩኸት ነውን ወይስ ከቅጥር የሚያስወርድ ከንቱ ወሬ? ብሎ መመርመር ይገባል። ሕፃን ልጁ ሲጠራው ዝም ብሎ፣ ስልኩ ሲጠራው ፈጥኖ የሚነሣ አባት ነገሩን ገልብጦታል።

ቤተ ክርስቲያናችን ልጆቿ በዛሬ ውስጥ እንዲኖሩ ያስተማረችው በቃል ብቻ አይደለም፤ በሥርዐትም ነው። ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜ ከፍላ፣ በነግህ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሠርክ፣ በንዋምና በመንፈቀ ሌሊት እንድንጸልይ ታዝዛለች። በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፤ በስድስት ሰዓት ጌታችን ተሰቀለ፤ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በገዛ ፈቃዱ ሰጠ። ስለዚህ ለክርስቲያን ባዶ ሰዓት የሚባል የለም። በቅዳሴም ጊዜ ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ፣ እንዲያስተውሉም እየደጋገመ የሚያውጀው፣ የሰው ልብ በቤተ መቅደስ ቆሞም ቢሆን እንደሚባዝን ቤተ ክርስቲያን ስለምታውቅ ነው።

የግብፅ በረሓ አባቶችም ይህን ውጊያ ያውቁት ነበር። በ399 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያረፈው መነኩሴ ኤዋግሪዎስ ስለ መሰልቸት መንፈስ ሲጽፍ፣ ይህ መንፈስ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ መነኩሴውን እንደሚከብበው ያስረዳል። በዚያን ጊዜ ፀሐይ የቆመች ትመስለዋለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደ ቀረ ለማየት ወደ መስኮት ይመላለሳል፤ በዓቱንና የእጁን ሥራ ይጠላል፤ ሥራ የሚቀልበት፣ ሰው የሚስማማበት ሌላ ስፍራ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ ዘመን ወዲህ 1,600 ዓመት አልፏል፤ ነገር ግን በቢሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን የሚመለከት፣ ሌላ ሥራ ሌላ አገር ቢሆን ይሻለኝ ነበር የሚል ሰው ታሪኩን ሲሰማ ስለ ራሱ የተጻፈ ይመስለዋል።

የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስም በበረሓ ተቀምጦ ሳለ ልቡ በዐሳብ ብዛት ታወከበት፤ እንዴት አድርጎ እንደሚድንም አምላኩን ጠየቀ። ወዲያውም እርሱን የሚመስል ሰው አየ፤ ሰውዬው ተቀምጦ ገመድ ይታታል፤ ከሥራው ተነሥቶ ይጸልያል፤ ተመልሶም ተቀምጦ ይታታል፤ ዳግመኛም ለጸሎት ይነሣል። ይኸውም እንጦንስን ሊያስተምር የተላከ መልአክ ነበረ። ትምህርቱ እጅግ አጭር ነው፤ በሥራ ጊዜ ሥራ፣ በጸሎት ጊዜ ጸሎት። ታላቁ እንጦንስ የተማረው ይህን ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ረቂቅ ምክር አልመጣለትም።

በአገራችንም ይህን ጥበብ በእጃቸው ያስተማሩን አባቶች አሉ። የብራና ጸሐፊውን ተመልከቱ። ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፤ በወስፌ ተወግቶ ይሰመራል፤ ብዕሩ ተቀርጾ፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ተበጥብጦ ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው የሚጽፈው አንዲቱን ፊደል ነው። ዳዊት የሚጽፍ ሰው ከፊቱ 150 መዝሙር፣ ከእርሱም ቀጥሎ መኃልየ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አለበት። የቀረውን ብዛት እያሰበ ቢቸኩል እጁ ይስታል። በተለይም አንድ ቃል በሁለት መስመር ላይ ተደግሞ በተገኘ ጊዜ፣ ልቡ የባዘነ ጸሐፊ ዐይኑ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይዘልና በመካከል ያለውን ሳይጽፍ ያልፋል፤ ወይም የጻፈውን መልሶ ይጽፋል። ያን ጊዜ ወይ በካራ ይፍቃል፤ ወይ የጐደለውን በመስመሩ ላይና በኅዳጉ ይጨምራል። በጥንት መጻሕፍቶቻችን ላይ እንዲህ ያለ እርማት ሲታይ፣ አንድ ሰው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ለአንዲት ቅጽበት ልቡ ከእጁ ተለይቶ እንደ ነበረ ያስታውሰናል። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያስገኘልን ግን አንዲቱን ፊደል አንድ ጊዜ በሙሉ ልብ መጻፍ ነው።

ገበሬውም እንዲሁ ነው። እርፍ የጨበጠ ሰው ዐይኑ በበሬዎቹና በፈሩ ላይ ካልሆነ ማረሻው ይወጣል፤ እርሻው ይወላገዳል። ስለዚህም በቋንቋችን ነገሩ የተበላሸበትን ሰው ፈር ለቀቀ እንለዋለን። ጌታችንም እርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት ለመንግሥቱ እንደማይገባ ሲያስተምር፣ የሰሙት ሁሉ የሚያውቁትን ነገር ምሳሌ አደረገ። ገበሬ እርሻውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊያርስ አይችልም፤ አንዱን ፈር ግን ያርሳል፤ ፈርም በፈር ላይ ሲጨመር እርሻ ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ለመሄድ ለሚወድ ሰው ጥቂት ምክር እናቅርብ።

አንደኛ፣ ሥራ ከመጀመር አስቀድሞ አማትቦ በአጭር ጸሎት ያን ሥራ ለእግዚአብሔር ማስረከብ፤ ቀጥሎም በዚህ ሰዓት የምሠራው ይህን ነው ብሎ አንዱን ሥራ መለየት ነው።

ሁለተኛ፣ የተጀመረውን እስኪፈጸም ወይም እስከ ተወሰነለት ሰዓት ድረስ አለመልቀቅ ነው። ግድ ሆኖ ወደ ሌላ መሄድ ቢያስፈልግ የተቋረጠበትን ስፍራና ቀጥሎ የሚሠራውን በወረቀት መጻፍ ይጠቅማል፤ ያን ጊዜ ልብ በኋላ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ለመልእክትና ለወሬ ጊዜ መወሰን ነው። በሥራና በጸሎት ሰዓት፣ በማእድም ላይ፣ ስልክ ከእጅና ከዐይን ርቆ ይቀመጥ። የታመመ ያለበት፣ ወይም ሥራው በጥሪ የሆነ ሰው የሚያስፈልገውን ጥሪ ብቻ ይለይ።

አራተኛ፣ ለነገ ማሰቢያ የሚሆን ሰዓት መወሰን ነው። ነህምያ ቅጥሩን በሌሊት ዞሮ እንደ መረመረ፣ ማታ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ሥራና ወጪ አስቦ መጻፍ መልካም ነው። ጭንቀት በሥራ ሰዓት በመጣ ጊዜ፣ ለአንተ የተወሰነ ሰዓት አለ ብሎ ለመመለስ ያስችላል።

አምስተኛ፣ ልብ በሸሸ ጊዜ ያለ ቍጣ መመለስ ነው። በሬው ከፈር በወጣ ጊዜ ገበሬው ቀንበሩን ሰብሮ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ይመልሰዋል እንጂ። በቀን መቶ ጊዜ ቢሸሽ መቶ ጊዜ መመለስ ነው። መመለሱ ራሱ ሥራ ነው፤ በእግዚአብሔርም ዘንድ ይቈጠራል።

ስድስተኛ፣ የዕረፍትን ጊዜ ለዕረፍት መስጠት ነው። በሰንበት ቀን የሥራ ደብተሩን በልቡ እየገለጠ የሚቀመጥ ሰው ሥራም አልሠራም፤ አላረፈምም። ሰንበትን ያላከበረ ልብ ሰኞንም አያከብርም።

በመጨረሻ ይህን አንርሳ። ዓለም ስለ ጊዜ የሚያስተምረው ብዙ እንድናመርትና ብዙ እንድናተርፍ ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ድካም ኖሯል፤ ሊሠራ የማይወድም አይብላ ብሎ አዝዟል። ነገር ግን ሥራው ቢበዛ፣ ትርፉም ቢሰበሰብ፣ ሰው በዛሬ ውስጥ ካልተገኘ ከሁሉ የሚበልጠውን ያጣል። እግዚአብሔር ሰውን የሚጠራው ዛሬ ነው፤ ንስሓ የሚገባው ዛሬ ነው፤ የተቀየመውን ወንድም ይቅር ማለት የሚቻለው ዛሬ ነው፤ ያረጀች እናት የምትጦረው በሕይወት ሳለች ነው። ነገ ንስሓ እገባለሁ የሚል ሰው ንስሓን አልካደም፤ ነገር ግን ባልተሰጠው ቀን ላይ ቤቱን ሠራ። ሰይጣን ሰውን በክሕደት ማሸነፍ ባልቻለ ጊዜ በነገ ያሸንፈዋል።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትፈጽሙ በፊታችሁ አንድ ሥራ ይኖራል፤ ወይም አንድ ሰው ይኖራል። ትልቅ ላይሆን ይችላል፤ የሚታጠብ ዕቃ፣ የሚጻፍ ደብዳቤ፣ የሚጠየቅ በሽተኛ፣ የሚጸለይ ጸሎት ይሆናል። ከቅጥሩ ሁሉ በቤታችሁ ፊት ያለው ክፍል እርሱ ነው። ልባችሁን ከእጃችሁ ጋራ በእርሱ ላይ አኑሩ፤ የቀረውን ደግሞ ቀኖችን በእጁ ለያዘ ጌታ ተዉለት።

ልባችንን ከመባዘን ሰብስቦ፣ የእጃችንን ሥራ ባርኮ፣ የሰጠንን ቀን ለንስሓና ለመልካም ሥራ እንድንጠቀምበት የአምላካችን ቸርነት የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።